የማይማከር መካሪ

«ምከረው፣ ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን በሰማን ቁጥር የምንታዘበው ምክር አልሰማ ያለውን ሰው ነው። መካሪውን «ለመሆኑ አንተስ ምን ብለህ መከርከው?» ብሎ የጠየቀው የለም። ምክሩ ለተመካሪው ጓዳና ማሳ የሚሆን ነበር ወይ? መከራው የመጣው ምክር ባለመስማት ነው ወይስ በመስማት? ተረቱ ይህን አያነሳም። መካሪው ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ተመካሪው ሁልጊዜ እልኸኛ።

የኢትዮጵያ ገበሬ ታዲያ ላለፉት ስልሳ ዓመታት ያህል የኖረው እዚህ ተረት ውስጥ ነው። በ1960 ዓ.ም አካባቢ ጭላሎ ላይ የተጀመረው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት መከረው። ቀጥሎ «ሚኒመም ፓኬጅ» የሚባለው መጣና መከረው። ደርግ በገበሬ ማኅበር አደራጅቶ መከረው። በ1985 ዓ.ም ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሠርቶ ማሳያ ማሳ ይዞ ብቅ አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ያንኑ በአገር ደረጃ አስፋፋው። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር አንድ ላይ ታስረው «ፓኬጅ» ተባሉ። ከዚያ በየቀበሌው ሦስት ሦስት የልማት ሠራተኛ ተመደበ። ሞዴል ገበሬ መጣ፤ አንድ ለአምስት መጣ። አሁን ደግሞ ስልኩ ሊመክረው ተነሥቷል።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ2006 ዓ.ም የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ (ከ2014 ዓ.ም ወዲህ ኢንስቲትዩት የሆነው) ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሆኖ 8028 የተባለ ነፃ የስልክ መስመር ከፈተ። ገበሬው ሲደውል የተቀዳ ድምፅ ይቀበለዋል። ለጤፍ ይህን፣ ለስንዴ ያንን ቁጥር ይጫን ይባላል። ከዚያም ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አረምና ተባይ ይነገረዋል። ሲመዘገብ አካባቢውንና የሚያመርተውን ስለሚጠየቅ፣ በሽታ ወይም ተባይ ሲያሰጋ ማስጠንቀቂያ በስልኩ ይላክለታል። ጥሪው ብዙም ሳይቆይ በሚሊዮን ተቆጠረ። ዲጂታል ግሪን የሚባለው ድርጅት ደግሞ ገበሬዎችን ራሳቸውን በቪዲዮ እየቀረፀ በትንሽ ፕሮጀክተር በየመንደሩ ሲያሳይ ቆይቶ፣ አሁን ፋርመርቻት የተባለ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራና ለተጠየቀው ሁሉ መልስ የሚሰጥ መካሪ ይዞ መጥቷል። ለርሻን የመሳሰሉ የግል አገልግሎቶችም ከምክሩ ጋር ዘሩንና ትራክተሩን ጭምር በስልክ እናገናኝ ይላሉ።

የሁሉም ቃል ኪዳን አንድ ነው፤ ለያንዳንዱ ገበሬ፣ ለያንዳንዱ ማሳ፣ በልኩ የተሰፋ ምክር። ጥሩ ነው። እኔ ግን ልብስ በልክ ሲሰፋ የማውቀው ደሴ ፒያሳ ነው። እዚያ ልብስ ሰፊው ፊት ይቆማል፤ እጅ ይዘረጋል፤ ሜትሩ አንገት ላይ ይዞራል፤ «እዚህ ጋ ይጥበብ፣ እዚህ ጋ ይለቀቅ» ይባባላል። ሳይለካ በልክ የሚሰፋ ሰፊ እስካሁን አልገጠመኝም።

እኔ አግሮኖሚስት አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት ሥነ ጽሑፍ በማስተማር ነው። ስለ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከባለሙያው ጋር አልከራከርም። ይሁንና ምክርም ድርሰት ነው። ተናጋሪ አለው፤ አድማጭ አለው፤ ያልተናገረው ነገር አለው። ልብ ወለድን «ማን ነው የሚተርከው? ለማን? ማንን ዝም አሰኝቶ?» ብለን እንደምንጠይቀው ሁሉ የስልኩንም ምክር እንዲሁ መጠየቅ ይቻላል። ዛሬ ማድረግ የፈለግሁት ይህንኑ ነው።

አስቀድሞ ግን ምስጋናው። 8028ን ያሰቡ ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ገብቷቸዋል፤ ገበሬው ማንበብ ባይችልም መስማት ይችላል። ስማርትፎን አይጠይቅም። ተራዋ፣ ባትሪዋ ሳምንት የምትቆየው ስልክ ትበቃለች። ያልገባው መልሶ ይሰማል። የልማት ሠራተኛው ደጇን የማይረግጥ፣ ስብሰባ ላይ ከኋላ የምትቀመጥ ሴት፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ማታ ምድጃዋ ዳር ሆና ልትደውል ትችላለች። ይህን የሚያቃልል ሰው ገጠርን አያውቅም።

ሌላም አለ። ቢጫ ዋግ በ2003 ዓ.ም ግድም የአገሪቱን ስንዴ ክፉኛ እንደመታ እናስታውሳለን። የዋግ ዘር በነፋስ ነው የሚጓዘው። ገበሬው የቱንም ያህል አዋቂ ቢሆን ከተራራው ማዶ የሚመጣውን ነፋስ ምን እንደተሸከመ ሊያይ አይችልም። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ የእንግሊዝ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ የዓለም አቀፉ የስንዴና የበቆሎ ምርምር ማዕከልና የኛ ተመራማሪዎች ተባብረው ነፋሱን እየተከተሉ ዋጉ ወዴት እንደሚያመራ የሚተነብዩበት ሥርዓት ሠርተዋል። ማስጠንቀቂያው በስልክ ገበሬው ጆሮ ሲደርስ፣ ያ እውነተኛ ምክር ነው። ገበሬው ከቶ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር፣ ገና ሳይረፍድ መንገር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ገበሬው የሚያውቀውን ነገር ለገበሬው መንገር ሲጀመር ነው።

እስቲ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። መንገዱ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ በጦሳ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ወርዶ ሳይጨርስ ጋቢ ማውለቅ ይጀመራል። ላይ ደሴ ዙሪያና ኩታበር ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ነው። ታች ቃሉ ማሽላና ጤፍ ነው። ላይ ያለው ደገኛ ብዙ ቦታ የበልግን ዝናብ ተማምኖ ይዘራል፤ ታች ያለው ዓይኑ ክረምቱ ላይ ነው። በእግር የግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ ሁለት አየር፣ ሁለት የዘር ወቅት፣ ሁለት ዓይነት ረሃብ አለ። «ደቡብ ወሎ ዞን» ብሎ አንድ ምክር መላክ ለኛ አገር አይሠራም። ወረዳ ብሎ ማጥበብም አይበቃም። የአንድ ሰው መሬት ራሱ ሦስት አራት ቦታ የተቆራረጠ ነው፤ አንዷ ዋልካ ላይ፣ አንዷ ገደል አፋፍ ላይ፣ አንዷ ወንዝ ዳር። ስልኩ ግን አንድ ነው፤ የተመዘገበውም አንድ አድራሻ ነው።

እንግዲህ «በልክ» የሚለው ቃል እዚህ አገር የቅንጦት ቃል አይደለም ማለት ነው። ወሎን ያየ ሰው ግብርና በልክ ካልሆነ ግብርና እንዳልሆነ ያውቃል። ስለዚህ የዲጂታሉን ሐሳብ ከሥሩ አልቃወምም። የምቃወመው መለኪያውን ነው።

የማዳበሪያውን ታሪክ እንውሰድ። ለአሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ ገበሬ የተነገረው ምክር አንድ ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ቀይ አፈር ሁን ጥቁር አፈር፣ ቆላ ሁን ደጋ፣ መቶ በመቶ። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ግን የአገሪቱን አፈር የማጥናትና ካርታ የማውጣት ትልቅ ሥራ ተጀመረ። ውጤቱ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ እንደ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክ ያሉ ንጥረ ነገሮችም በብዙ ቦታ እንደሚጎድሉ አሳየ። አዳዲስ የማዳበሪያ ዓይነቶች መጡ፤ የመደባለቂያ ፋብሪካዎችም በየክልሉ ተተከሉ። ጥናቱ የሚደነቅ ነው። አንድ ነገር ግን ሳይጠየቅ ታለፈ። ለነዚያ ሁሉ ዓመታት መቶ በመቶውን በዕዳ እየገዛ የጨመረው ገበሬ፣ አፈሩ ያን ያህል የማይፈልገውን ሲገፋበት የከረመው፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ማን ነው? «የዛሬው ምክር ከትናንቱ የተሻለ ነው» ማለት ሌላ ትርጉምም አለው፤ የትናንቱ የተሳሳተ ነበር ማለት ነው። የስህተቱ ሒሳብ ግን የተወራረደው በመካሪው ደመወዝ ላይ ሳይሆን በተመካሪው ጎተራ ላይ ነው።

ጤፍን በመስመር የመዝራቱን ዘመቻም አስታውሱ። በሄክታር ከ30 እስከ 50 ኪሎ ይበተን የነበረው ዘር ወደ 5 ኪሎ ገደማ ይውረድ፣ በመስመር ይዘራ ተባለ። ሠርቶ ማሳያው ላይ ጤፉ አማረ። ሲሰፋ ግን ያቺን የአሸዋ ያህል የምታንስ ፍሬ ጎንበስ ብሎ በመስመር የሚያንቆረቁር ሰው ከየት ይምጣ? ብዙ ገበሬ ያነሳው ይህንኑ የጉልበት ጥያቄ ነው። ምክሩ ዘሩን አስልቷል፤ መሬቱን አስልቷል። ወገብን አላሰላም።

ባለፈው ዓመት ኮምቦልቻ ገበያ ዳር ከአንድ የቃሉ ሽማግሌ ጋር ሻይ ስንጠጣ ነገሩን አነሣሁባቸው።

«አባቴ፣ ስልኩ ይመክራል ይባላል። ሞክረውት ያውቃሉ?»

«ልጄ ደውሎልኝ ሰምቸዋለሁ። መልካም ይናገራል።»

«ታዲያ እንዳለዎት አደረጉ?»

«ግማሹን። ግማሹ ለኔ መሬት አይሆንም።»

«ይኸንን ነገሩት?»

ሳቁ። «ማንን? እሱ እኮ ጆሮ የለውም። እኔ ‹ማሳዬ ድንጋይ ናት፣ በሬዬ አንድ ናት› ስለው እሱ ሌላ ቁጥር ተጫን ይለኛል።»

ሽማግሌው በሁለት ቃል የጨረሱትን እኔ በሰዋስው ላስረዳ። አማርኛችን «መከረ» ከሚለው ግስ አንድ ሙሉ ቤተሰብ አውጥቷል። «መከረ» ስንል አንዱ ተናጋሪ፣ ሌላው ሰሚ ነው። «አማከረ» ስንል ምክር ፈላጊው ራሱ ተነሥቶ ይሄዳል። «ተመካከረ» ስንል ግን ማን መካሪ ማን ተመካሪ እንደሆነ አይለይም፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይሰማሉ። ወሎ ውስጥ ትልቅ ነገር የሚወሰነው በዚህ በመጨረሻው ግስ ነው። ቅሬው ሲሰበሰብ፣ ወዳጃው ላይ ቡናው ሲፈላ፣ ጅጌ ሲጠራ፣ ሰው ይመካከራል። የግብርና ኤክስቴንሽናችን ስልሳ ዓመት ሙሉ የሚያውቀው ግን የመጀመሪያውን ግስ ብቻ ነው። 8028 ወደ ሁለተኛው አሻግሮታል፤ ገበሬው ደውሎ ያማክራል። ሦስተኛው ግስ ላይ ገና አልደረስንም።

ለምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። መልሱ ማሽላው ውስጥ አለ።

ለመካሪው ማሽላ ማለት ፍሬ ነው፤ በሄክታር ስንት ኩንታል። ለቃሉ ገበሬ ግን ማሽላ ፍሬም አገዳም ነው። አገዳው የከብት መኖ ነው፤ ማገዶ ነው፤ አጥር ነው፤ የቤት ክዳን ነው። ጥንቅሹ የልጆች ከረሜላ ነው። ቶሎ የሚደርስ አጭር ማሽላ ዝናብ ሲያጥር ነፍስ ያድናል፤ አቀንጭራ የሚቋቋሙ ዝርያዎችም ትልቅ የምርምር ውጤት ናቸው፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2001 ዓ.ም የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም በዚሁ ሥራቸው ነው። ታዲያ ገበሬው ረጅሙን ዘንጋዳ ሙጭጭ ሲል «ልማዳዊ» ይባላል። እሱ ግን የያዘው ሌላ ሒሳብ ነው። ስልኩ አንድ ዓምድ ይደምራል፤ እሱ አምስት ዓምድ ይደምራል።

ከዚህ የሚበልጥ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካን አገር የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላይሲን የተባለው ለሰውነት አስፈላጊ የፕሮቲን ክፍል በብዛት ያለበት ማሽላ ፍለጋ ከዓለም የተሰበሰቡ 9,000 ያህል ዓይነቶችን መረመሩ። ያገኙት ሁለት ነው። ሁለቱም የኢትዮጵያ ናቸው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለውን ማሽላ ገበሬው ከጥንት ጀምሮ ለይቶ ያውቀው ነበር፤ ስሙንም «ወተት በጉንጬ» ብሎታል። ቤተ ሙከራው በመሣሪያ የደረሰበትን ገበሬው በምላሱ ደርሶበት፣ በሦስት ፊደል ስም ሳይሆን በግጥም ስም መዝግቦታል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ዘይቤ ማለት ጌጥ አይደለም፣ ዕውቀት ማስቀመጫ ነው እያልኩ እደክም ነበር። ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም። አሁን እጠይቃለሁ፤ እንዲህ ያለው ዕውቀት ወደ ስልኩ የሚገባው በየትኛው ቁጥር ነው?

የቋንቋው ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የቢሮ ግብርና በሄክታር ይናገራል። ገበሬው በጥማድ ይናገራል። ጥማድ በግምት የሄክታር ሩብ ነው ተብሎ ይታለፋል። ጥማድ ግን ሁለት በሬ በቀን የሚያርሰው ስለሆነ ዋልካ ላይ ይጠባል፣ ቀላል አፈር ላይ ይሰፋል። መሬትንም ጉልበትንም ባንድ ላይ የሚለካ ነው። «በሄክታር ይህን ያህል ኪሎ» የተባለ ገበሬ፣ መላ ይዞታው ከአንድ ሄክታር በታች ሆኖ፣ እሷም አራት ቦታ ተበታትና፣ ቁጥሩን ወደ ራሱ ቁና ሲመነዝር የሚወድቀው ፍርፋሪ ብዙ ነው። «ምክረ ሐሳብ»፣ «ግብዓት»፣ «የቴክኖሎጂ ጥቅል» የሚሉትን ቃላት ደግሞ ከቀበሌ ስብሰባ ውጭ ማንም እናቱ ቤት ሲናገራቸው አልሰማሁም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ይህ አገር ወሎ ነው። ወሎ ላይ «የመረጃ እጥረት» የሚለውን ቃል ስንጠቀም መጠንቀቅ አለብን።

በ1965 ዓ.ም ወሎ በረሃብ ሲያልቅ የጠፋው መረጃ አልነበረም። የግብርና ሚኒስቴር የሰብል ግምገማ አዝመራው መክሸፉን ቀድሞ አሳይቷል። ገበሬው ራሱ በዚሁ በደሴ መንገድ ላይ ወጥቶ በገዛ አካሉ ያሳይ ነበር። ከላይ ያሉት ግን መስማት አልፈለጉም። አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፉ ያን ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ እህል ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ገበሬው የሞተው ገበያው ላይ እህል ጠፍቶ ብቻ አይደለም፤ የሚገዛበት አጥቶ ነው። የሚገርመው ፐርዱ ላይ የኛን ማሽላ ብርቅዬነት ያስታወቁት በዚያው ዓመት ነው። የወሎ ዘር ዓለም አቀፍ ዜና ሲሆን የዘሩ ባለቤት መንገድ ዳር ወድቆ ነበር።

በ1977 ዓ.ም ያለፈውንም ታውቁታላችሁ። ደሳለኝ ራሕመቶ ስለዚያ ዘመን በወሎ፣ በአምባሰል ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1991 አሳትመዋል። ጥናቱ የሚያሳየን ገበሬ እጁን አጣጥፎ ሞትን የጠበቀ ሰው አይደለም። ምግቡን የቀነሰ፣ ከብቱን በቅደም ተከተል የሸጠ፣ ዘመድ የጠየቀ፣ እያንዳንዱን እርምጃ ያሰላ ሰው ነው። ከጎደለው ብዙ ነገር ውስጥ ምክር የመጨረሻው ነው።

ይህን የማነሳው ለሙሾ አይደለም። ዛሬም የሚሠራ ሕግ ስላለው ነው። መረጃ ወደ ታች ብቻ ሲፈስና ወደ ላይ ሳይፈስ ሲቀር፣ የቱንም ያህል ቢራቀቅ ሰውን አያድንም። በ2007 ዓ.ም በልጉም ክረምቱም ሲከዳ፣ በማግስቱ ዓመት በአገር ደረጃ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሲሆን፣ የልማት ሠራተኛም ስልክም ሞልቶን ነበር። በ2015 ዓ.ም የክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ የአማራ ክልል ገበሬ አቤቱታውን ይዞ እስከ ባሕር ዳር የወጣው ማዳበሪያ እንዴት እንደሚጨመር ጠፍቶት አይደለም፤ የሚጨምረው ማዳበሪያ ጠፍቶ ነው። መጋዘኑ ባዶ በሆነበት ቀን «በሄክታር ይህን ያህል ይጨምሩ» የሚል መልእክት ምክር አይባልም፤ ስላቅ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት የክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ አንድ ዓመት ገደማ ከረመ። ኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ መካሪ ሁሉ አብሮ ዝም አለ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው በከረሙበት ጊዜ የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከልም ጉዳት ደርሶበታል። ዲጂታሉ መካሪ የሚቀዳው ከእንዲህ ያለው ማዕከል ነው። ምንጩ ሲዘረፍ ቧንቧው ብቻውን ምን ያደርጋል?

በመጨረሻ ስለ አዲሱ፣ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ መካሪ ጥቂት ልበል። ይህኛው ከተቀዳው ድምፅ ይሻላል፤ ገበሬው በራሱ አባባል ሊጠይቀው ይችላል፤ ጆሮ ያለው ይመስላል። የምፈራው ግን ሁሉን መመለሱን ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው። ስለ አይዋ በቆሎ የተጻፈው መጻሕፍት ቤት ይሞላል፤ ስለ ቃሉ ማሽላ በአማርኛ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ዕውቀቱ ሲሳሳበት አንደበቱ አይሳሳም፤ በዚያው እርግጠኛ ድምፅ ይቀጥላል። ያገራችን ሼህ ፍርድ ከሰጡ በኋላ «አላሁ አዕለም» ይላሉ፤ አላህ ይበልጥ ያውቃል ማለት ነው። ቄሱም «እሱ ያውቃል» ብለው ይዘጋሉ። ይህ ወግ ብቻ አይደለም። የዕውቀትን ድንበር ማሳየት ነው፤ ሰሚው የራሱን አእምሮ እንዲጠቀም ቦታ መልቀቅ ነው። ኮምቦልቻ ያሉት የሜትሮሎጂ ባለሙያዎችም ትንበያቸውን በ«ሊሆን ይችላል» ነው የሚሰጡት። «ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ይላሉ። ያ ቃል ገበሬው ስልክ ላይ ሲደርስ «ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» ሆኖ ከመጣ፣ መንገድ ላይ የጠፋው ያ ትሕትና ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ? «ስልኩ ይቅር» የሚል ሰው አይደለሁም። አራት ነገር እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ የሚመልስ ገበሬ ይኑር። «ምክሩን ሞክሬው አልሆነልኝም» የሚል ሰው የሚናገርበት ቁጥር ይከፈት፤ የተናገረውም በየሳምንቱ ተጽፎ ሲሪንቃና ወረዳ ግብርና ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ስንት ሰው እንደደወለ በኩራት እንሰማለን። ስንቱ ተከትሎ እንደከሰረ ግን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ምክሩ ከመጋዘኑ ጋር ይተዋወቅ። ዩኒየኑ የሌለውን ዘርና ማዳበሪያ አይምከር። የሌለ ከሆነ፣ «በሌለበት እንዲህ ይደረግ» የሚል ሁለተኛ መንገድ ይኑረው። ድሃ የሚፈልገው ምክር ይኸ ሁለተኛው ነው።

ሦስተኛ፣ የልማት ሠራተኛውን በስልክ እንተካው የሚለው ሹክሹክታ ይቁም። የኮምቦልቻውን ጨምሮ ከግብርና ኮሌጆቻችን የወጣው ወጣት ችግሩ መናገር አለመቻሉ አልነበረም፤ ማዳበሪያ አከፋፋይ፣ ዕዳ ሰብሳቢ፣ ስብሰባ ጠሪ አድርገነው ለመስማት ጊዜ ማጣቱ ነው። ስልኩ የንግግሩን ሥራ ከወሰደለት፣ እሱ ማሳ ዳር ተቀምጦ የመስማቱን ሥራ ይያዝ።

አራተኛ፣ ኪሳራው ይጋራ። በምክሩ መሠረት ዘርቶ የከሰረ ገበሬ ኪሳራውን ብቻውን የሚሸከም ከሆነ፣ ምክር ሳይሆን ሙከራ ነው የተደረገበት። በሰው ማሳ ላይ ሙከራ የሚያደርግ ደግሞ መድን ሊገባ ይገባዋል።

አንድ በሬ፣ ሦስት ጥማድ መሬትና አምስት ልጆች ያሉት ሰው ምክር አልቀበልም ሲል እልኸኛ ነው ብለን ቶሎ አንፍረድ። ምናልባት ከኛ በላይ አስልቶ ይሆናል። እንዲያ ያለውን ሰው ከመምከር በፊት ማማከር ይቀድማል። ቁጥሩን እሱ መደወሉን ትተን አንድ ቀን እኛ እንደውልለትና፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ብለን ዝም ብለን እንስማ።

ቸር ይግጠመን።